«አሉ»ን የሚፍቅ ብዕር

በአንኮበር፣ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ፣ ከጥንቱ ሕንፃ ዛሬ የተረፈው ጥቂት ነው። የተረፈው ወረቀት ግን ብዙ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብቻ፣ አራት የውጭ አገር ሰዎች ያንኑ ተራራ ወጥተው፣ ያንኑ ግቢ ረግጠው፣ እኒያኑ ንጉሥ በዓይናቸው አይተው የየበኩላቸውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. በሸዋ ተቀመጠ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የብሪታንያን መልእክተኞች እየመራ በ1833 ዓ.ም. ክረምት ደረሰና በተከታዩ ዓመት ኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1842 መጥቶ ከአንኮበር ሥር ባለችው የገበያ ከተማ በአልዩ አምባ ከነጋዴዎች መካከል ኖረ።

አራቱ መጻሕፍት ግን አንድ አንኮበር አያሳዩም። የክራፕፍ ጽሑፍ ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ማስታወሻ ጋር ተጣምሮ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ላይ የታተመ የዕለት መዝገብ ነው። ቀኑን ይጽፋል፤ ማን እንደ መጣ፣ ስለ ምን እንደ ተነጋገሩ፣ ንጉሡ ምን እንደ ላኩ ያሰፍራል፤ ከዚያ ይቆማል። አንባቢ ቢያዛጋ ጸሐፊው ግድ የለውም። ሃሪስ በበኩሉ በተከታዩ ዓመት በሦስት ቅጽ ያወጣው መጽሐፍ ሌላ ዓለም ነው። በዚያ ጭጋጉ ራሱ ሚና አለው፤ ገደሉ ያስፈራራል፤ ጭፍራው ይጎርፋል፤ ንጉሡ ከመታየታቸው በፊት አንባቢው እንዲጠብቃቸው፣ እንዲጓጓ፣ ጥቂትም እንዲፈራ ይደረጋል። በገዛ አገሩ እንኳ የአጻጻፉ ስልት ከልክ በላይ ያጌጠ ነው የሚል ነቀፋ ደርሶበታል። ጆንስተን ከታች ከገበያው ሆኖ የታዘበው ደግሞ፣ ሃሪስ ከላይ ሆኖ ከሣለው ክብር ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

እንግዲህ አንባቢ ፈጥኖ ሊፈርድ ይችላል፦ ደረቁ እውነተኛ፣ ያጌጠው ሐሰተኛ ነው ብሎ። ይህ ፍርድ ቀላል በመሆኑ ብቻ ሊጠረጠር ይገባዋል። የሸዋን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ሃሪስን ይጠቅሳሉ፤ የሚጠቅሱትም እንዲሁ አይደለም። ለማጌጥ ሲል የተመለከተው፣ ለማጌጥ ሲልም በማስታወሻው የያዘው ብዙ ነው፤ የልብሱ ዓይነት፣ የግብሩ ሥርዓት፣ የገጸ በረከቱ አቀባበል፣ የሰው አቀማመጥ። ትረካ ዓይንን ይከፍታል። ክራፕፍ ደግሞ ቃላት ስለ ቆጠበ ብቻ ከወገንተኝነት አልዳነም፤ ሰባኪ ነበርና አብዛኛውን የሚያየው ለስብከቱ የሚሆነውን ወይም ስብከቱን የሚያደናቅፈውን ነበር። ደረቅ ጽሑፍም ይዋሻል፤ ልዩነቱ በደረቅነቱ መዋሸቱ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ ከጌጡ ካልሆነ ከየት ላይ ነው? መልሱን ፍለጋ አንድ ትንሽ ታሪክ መመልከት ይበጃል። በዚያ ዘመን በሸዋ ከደቡብ ከመጡ ባሮች አፍ የሚሰማ አንድ ወሬ ነበር፤ ከከፋ ወዲያ፣ በቀርከሃ ጫካ ውስጥ፣ ዶኮ የሚባሉ ቁመታቸው ከዐሥር ዓመት ልጅ የማይበልጥ፣ እሳት የማያውቁ፣ ጉንዳንና እባብ የሚመገቡ ሰዎች ይኖራሉ የሚል። ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሲጽፍ ነጋሪውን አብሮ ያስቀምጣል፤ ዲልቦ የሚባል የእናርያ ሰው፣ ባሪያ የነበረ፣ ያወራውን ነው ይላል። አንባቢ ወሬውን ቢያምን ዲልቦን አምኖ ነው፤ ቢጠራጠርም ዲልቦን ይጠረጥራል። በሃሪስ መጽሐፍ ግን ያው ወሬ በራሱ በደራሲው ድምፅ፣ ልክ የአንኮበርን ተራራ በገለጸበት እርግጠኝነት ይፈስሳል። ዲልቦ ሲወጣ ጥርጣሬውም አብሮት ወጣ። ዛሬ በጋሞ ተራሮች ዶኮ የሚባል ሕዝብ አለ፤ እንሰት ተክሎ፣ ገብስ ዘርቶ የሚኖር፣ በቁመቱ ከማንም የማያንስ ሕዝብ። በአንድ ባሪያ አፍ የተጀመረው ወሬ ተራኪው ሲደበቅ ዕውቀት ሆነ፤ ዕውቀት ሆኖም በአውሮፓ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

አማርኛ ለዚህ ነገር አንዲት አጭር ቃል አበጅቶለታል፤ «አሉ» ትባላለች። ባለ አገሩ ያላየውን ሲያወራ በዐረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ያስቀምጣታል። «ወንዙ ሞልቶ ከብቱን ወሰደው» ያለ ሰው ከወንዙ ዳር ነበረ ማለት ነው። «ወንዙ ሞልቶ ከብቱን ወሰደው አሉ» ያለ ግን ከሌላ ሰው ሰምቷል፤ መስማቱንም አልደበቀም። ይህች ቃል ወሬውን አታፈርሰውም፤ ውበቱንም አትቀንስበትም። የምትሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ዳኛ ምስክርን «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ሳይጠየቅ አስቀድሞ መመለስ። ትረካ በእውነተኛ ዘገባ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ የሚሆነው፣ ትረካ ሁልጊዜ ስለሚገባ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው «አሉ» የምትለው ቃል በመንገድ ላይ የት ወደቀች የሚለው ነው።

ሕዝቡ ተረት ሲያወራ እንኳ ይህን ወሰን ያከብራል። «ተረት ተረት» ይላል ተራኪው፤ «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ብሎ ይቀበላል አድማጩ። ይህ የልጆች ማሟሟቂያ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ውል ነው። ከዚህ በር ወዲህ ጅብ ይናገራል፣ ጦጣ ዳኛ ትሆናለች፣ ማንም «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሲያበቃም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ በሩ ይዘጋል። በሩ ባይዘጋ፣ ልጁ ነገ ጫካ ሄዶ ከጅብ ጋር ሊነጋገር በተነሣ ነበር። በሌላ በኩል «ዜና» የሚለው ቃል ከግዕዝ ጀምሮ ሁለት ሸክም ተሸክሟል፤ የዕለቱን ወሬም ይገልጻል፣ «ዜና መዋዕል» ሲባልም የነገሥታቱን የተቀናበረ ታሪክ ያመለክታል። አባቶች ለሁለቱ አንድ ስም የሰጡት የቃል ድህነት ስላጋጠማቸው አይመስልም። ማንም የሆነውን ነገር ሲያወራ መጀመሪያና መጨረሻ ማበጀቱ የማይቀር መሆኑን ያውቁ ነበር።

ለዚህም ምስክር ከአንኮበር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይገኛል። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ዜና ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ንጉሡ በዚያ ሥፍራ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ወረደ፤ ብዙ ቀንም ታየ፤ ንጉሡም ቦታውን ወደዱት፣ ደብረ ብርሃን አሉት፣ ቤተ ክርስቲያንም ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1456 በዓለም ዙሪያ የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እንግዲህ ብርሃኑ ታይቶ ይሆናል፤ ጸሐፊው አልፈጠረውም እንበል። ከብርሃኑ በፊት በነበረው ገጽ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጽፏል። ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ አካላቸው ጎድሎ፣ በድንጋይ ተወግረው መሞታቸው። ከዚያ በኋላ ነው ብርሃኑ የሚወርደው።

ሁለቱም ነገር ሆኖ ይሆናል። ውግራቱ ሆኗል፤ ብርሃኑም ታይቷል። ሆኖም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው፣ በመካከላቸው ያለፈውንም ቀን ቆጥሮ ያያያዘው ሰማዩ አይደለም፤ ብዕሩ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሲከተል አንባቢ «ከዚያ በኋላ» የሚለውን «ስለዚህ» ብሎ ያነብበዋል፤ ብርሃኑ የሰማይ ማኅተም ይሆናል፣ የሞቱትም የተረገሙ ይሆናሉ። አንዲት የሐሰት ቃል ሳትጨመር ፍርድ ተሰጠ። ደቂቀ እስጢፋኖስ በፊናቸው የአባቶቻቸውን መከራ በራሳቸው ገድል ጽፈው ደብቀው አቆይተውታል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተርጉመው «ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባያሳትሙት ኖሮ፣ አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ እነዚያን መነኮሳት የሚያውቃቸው ከብርሃን በፊት እንደሚመጣ ጨለማ ብቻ ነበር። ስለዚህ «እኔ ምንም አልፈጠርሁም፤ የሆነውን ብቻ ነው የደረደርሁት» የሚለው የዘጋቢ መከላከያ ግማሽ መከላከያ ነው። መደርደሩ ራሱ ሥራ ነው፤ ለሥራውም ተጠያቂ አለው።

ከዚህ ሁሉ ዘጋቢ ከትረካ ይሽሽ የሚል ድምዳሜ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኸርሲ የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሂሮሺማ ሄዶ ከአቶም ቦምቡ የተረፉ ስድስት ሰዎችን ታሪክ ጻፈ፤ መጽሔቱም አንድ ሙሉ እትም ለዚያ ጽሑፍ ብቻ ለቀቀለት። እያንዳንዳቸው ብልጭታው በታየባት ቅጽበት ምን ይሠሩ እንደ ነበር ይተርካል፤ ልብ ወለድ የሚያነቡ እስኪመስል ድረስ። ነገር ግን ያንን ቅጽበት ያገኘው ከምናቡ አልነበረም። ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠይቆ ነው። በብዙ ሺሕ የሚቆጠረው ሙት በቁጥርነቱ ሊያሳዝን ያልቻለውን አንባቢ፣ ስድስት ሰዎች በስማቸውና በመቀመጫቸው አሳዘኑት። ትረካ ለእውነት ከዚህ የበለጠ ውለታ ሊውልላት አይችልም። በ2011 ዓ.ም. ግን በጀርመን ታላቅ መጽሔት፣ በ«ዴር ሽፒገል»፣ ለዘገባዎቹ ሽልማት ላይ ሽልማት ሲደረብለት የኖረው ክላስ ሬሎቲዩስ ያልተናገሩ ሰዎችን ሲያናግር፣ ያላያቸውን ቦታዎች ሲስል እንደ ነበር ተገለጠ። ሁለቱም ጸሐፊዎች መቼት ነበራቸው፤ ገጸ ባሕርይ ነበራቸው፤ ምልልስ ነበራቸው። አንዱ ጠይቆ አገኘው፤ ሁለተኛው መጠየቁን ተወው። የሬሎቲዩስ ነገር ግልጽ ውሸት በመሆኑ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው ከሁለቱ መካከል የቆመው ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ እርሱ ሩቅ አይደለም።

ሪሻርድ ካፑሺንስኪ የተባለው የፖላንድ ጋዜጠኛ ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ በኋላ አዲስ አበባ ተመልሶ ከቀድሞ የቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1978 «ንጉሠ ነገሥቱ» የሚል መጽሐፍ በዋርሶ አወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም በዓለም ዙሪያ ዝናው ናኘ፤ ለንደን ላይም በቴያትር መልክ ታየ። በመጽሐፉ የሚናገሩት ሰዎች በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጠራሉ። ይህ በራሱ ሊነቀፍ አይገባውም፤ በዚያ ዘመን የቀድሞ ሥርዓት ባለሟል ሆኖ ለውጭ ጋዜጠኛ ቃሉን የሰጠ ሰው ሊደርስበት የሚችለውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊነገረው አያስፈልግም። ነገር ግን ፊደል የተደረገበት መጋረጃ ሁለት ወገን አለው። ነጋሪውን ከመርማሪ ይሸፍናል፤ ጸሐፊውንም ከጠያቂ።

ከመጽሐፉ መግቢያ ሳይራቅ አንድ አገልጋይ ይናገራል። ሥራዬ የንጉሠ ነገሥቱ ትንሽ ውሻ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና በሐር ጨርቅ መጥረግ ነበር፣ ዐሥር ዓመት ይህንኑ ሠራሁ ይላል። ይህ ሥዕል በዓለም አንባቢ ልብ ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል፤ የአንድ አገዛዝ ውርደት በአንዲት ጠብታ ታየ ተብሎም ተደነቀ። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያንና የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠኑ ምሁራን፣ ከእነርሱም መካከል የታሪክ ተመራማሪው ሃሮልድ ማርከስ፣ መጽሐፉን በብዙ ነገር ከሰውታል። ንጉሠ ነገሥቱ አያነቡም ነበር የሚለው አንዱ ነው፤ ማንበባቸውን የሚመሰክር ሰው ግን ሞልቷል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ራይል ደግሞ ባለሟሎቹ ለጌታቸው የሚሰጡት የማዕርግ ስም በአማርኛ አቻ የሌለው መሆኑን አስተውሏል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻውም። «ጃንሆይ» እና «ግርማዊነታቸው» ሲል የኖረ የቤተ መንግሥት ሰው፣ በየገጹ እንደ አውሮፓ ካህን አዲስ ቅጽል እየደረበ ሲናገር ሲያነብ፣ የሚሰማው የሰውዬውን ድምፅ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። ካፑሺንስኪ ራሱም ሆነ ብሎ ከጥንታዊ የፖላንድ መጻሕፍት ያረጁ ቃላት ለቅሞ ያንን ቋንቋ እንዳዘጋጀ አልደበቀም። ሁሉም ባለሟሎች በአንድ አፍ የሚናገሩትም ስለዚህ ነው፤ አፉ የጸሐፊው ነው።

ለካፑሺንስኪ የሚቆሙ ወዳጆቹ ጥሩ መልስ አላቸው። መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም ይላሉ፤ የፖላንድ ሰው ሲያነብበው ያየው የገዛ አገሩን የኮሙኒስት ፓርቲ አለቆች፣ ጎንበስ ቀናቸውን፣ ሹም ሽራቸውን ነው። በሳንሱር አገር ሌላ መንገድ አልነበረም። ይህ እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢም ሊረዳው የሚችለው ነገር ነው፤ በቅኔ ያደገ ሕዝብ ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ያውቃልና። ሆኖም ቅኔው ሲፈታ አንድ የሚቆረቁር ነገር ይገኛል። ወርቁ የዋርሶ ነው፤ ሰሙ የአዲስ አበባ። ሰም ደግሞ ሊቀልጥ የተሠራ ነው። ባለቅኔ ስለ ንብ፣ ስለ ጽጌረዳ፣ ስለ በግ ሰም ቢሠራ ንቧ አትከስሰውም። እዚህ ሰም የሆኑት ግን ሰዎች ናቸው፤ ያገለገሉ፣ የተሻሩ፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ እስር ቤት ወይም መቃብር ውስጥ ያሉ፣ በፖላንድ ቋንቋ ምን እንደ ተባለላቸው ሊያነብቡ፣ «እኔ እንዲህ አላልሁም» ሊሉ የማይችሉ። የነበሩበት ሥርዓት በደል ነበረበት፤ ብዙዎቹም የበደሉ ተካፋይ ነበሩ። ነገር ግን በደለኛም ቢሆን የሚፈረድበት በተናገረው ቃል እንጂ በተነገረለት አይደለም። አርቱር ዶሞስዋቭስኪ የተባለው የአገሩ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 የካፑሺንስኪን ሕይወት ሲጽፍ በሥራዎቹ ውስጥ እውነቱና ምናቡ የተደባለቁበትን ቦታ ዘርዝሮ ማሳየቱ በፖላንድ ታላቅ ክርክር አስነሣ። ካፑሺንስኪ በዚያን ጊዜ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሊመልስ አልቻለም። ባለሟሎቹ ከነበሩበት ቦታ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

መጽሐፉ «ልብ ወለድ» ተብሎ ቢወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ክስ አይኖርም ነበር። እንዲያውም ከዘመኑ ምርጥ ልብ ወለዶች አንዱ ተብሎ በተቀመጠ። ካፑሺንስኪ ያልከፈተው ያንን የ«ተረት ተረት» በር ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ አንድ ሌላ ጋዜጠኛ በሩን ከተቃራኒው ወገን ይገፋ ነበር። በዓሉ ግርማ የ«አዲስ ዘመን» ዋና አዘጋጅ የነበረ፣ ቀጥሎም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹመት የያዘ፣ ዘገባን በሙያው የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲያካሂድ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አሥመራ ወርዶ ዘመቻውን ከውስጥ አየው። ያየውን በጋዜጣ ሊጽፈው አይቻልም። ጋዜጣው የሚፈልገው ድሉን ነበር። ስለዚህ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የሚል ልብ ወለድ አወጣ። ስሞቹ ሌላ ናቸው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛ ነው፤ የፍቅር ታሪክም አለበት። አንባቢ ግን ማን ማን እንደሆነ ለይቶ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ባለ ሥልጣኖቹም እንደዚሁ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም።

ሁለቱን ጋዜጠኞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከላይ ስለ ብርሃኑና ስለ ውግራቱ የተባለውን በዚህ ጽሑፍ ላይም እንዲጠቀስ ያደርጋል፤ ይህም ድርደራ ነውና። ያም ሆኖ ልዩነቱ ሊታለፍ አይገባውም። ካፑሺንስኪ በምናቡ ያጠናቀረውን «እውነት» ብሎ ሸጠ፤ በዓሉ እውነት ሆኖ የተነበበለትን «ልብ ወለድ» ብሎ አወጣ። በዓሉ በሽፋኑ ላይ ባሰፈራት በዚያች አንዲት ቃል ለገጸ ባሕርያቱ ሁሉ «እኔ አይደለሁም» የማለት መብት ሰጣቸው፤ ለራሱ ግን መሸሸጊያ አላስቀረም። በአንደኛው መጽሐፍ ዕዳው የወደቀው በተነገረላቸው ላይ ነው፤ በሁለተኛው በጸሐፊው ላይ። በዓሉ ትክክለኛውን የጽሑፍ ዓይነት የመረጠው በነጻነት ነበር ብሎ ማመስገን ግን ፌዝ ይሆናል። ዘገባውን በዘገባነቱ የሚቀበል ጋዜጣ ቢያገኝ ኖሮ ምን ይጽፍ እንደ ነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ዘገባ ሲታፈን ትረካ ዘገባውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሸክሙም ተሸካሚውን ሊገድለው ይችላል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ተመራማሪዎች መተው በተቻለ። ነገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደብረ ብርሃን በሌላ ዜና ትጠራ ጀምራለች፤ ከወለጋና ከሌሎችም አካባቢዎች የተፈናቀሉ እጅግ ብዙ ሰዎች በዚያች ብርዳም ከተማ ዙሪያ ተጠልለዋል። ዘጋቢዎች ይመጣሉ፤ ድምፅ መቅረጫ ይዘረጋሉ፤ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ቅን ናቸው፤ ዓለም እንዲሰማ ይፈልጋሉ፤ ዓለም የሚሰማው ደግሞ ትረካ መሆኑን በትምህርት ቤትም በሥራ ቦታም ተምረዋል። ቁጥር አንባቢን አያቆመውም፤ አንዲት እናት ግን ታቆመዋለች።

እንዲህ ያለች እናት በሸራ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ለአንድ ወጣት ዘጋቢ ስትናገር በሐሳብ መመልከት አያስቸግርም። «ባለቤቴን ሲገድሉት አላየሁም» ትላለች፤ «ጎረቤቴ ነው ያየ፤ እሱ ነገረኝ። እኔ ልጆቹን ይዤ ጫካ ነበርሁ።» ዘጋቢው ይህን ሁሉ በትክክል ይመዘግባል። ማታ ግን አርታኢው በስልክ ይጠይቀዋል፦ ምን ዓይነት ቀን ነበር? ምን ለብሳ ነበር? የመጨረሻ ቃሉስ? ወጣቱ መልስ የለውም፤ ጊዜም የለውም። ሲጽፍ ጎረቤቱ ይወጣል፤ «ነገረኝ» የምትለው ቃልም አብራው ትወጣለች፤ እናቲቱ ከጫካው ተመልሳ በደጇ ላይ ትቆማለች፤ ታያለች። ጽሑፉ ከፊተኛው ይልቅ ጠንካራ ይሆናል። አንባቢ ያለቅሳል፤ ምናልባት እርዳታም ይመጣል። ይህን ጥቅም አቅልሎ ማየት አይገባም፤ በብርድ ላደረ ልጅ ብርድ ልብስ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሴትዮዋ ምስክር ነበረች። አንድ ቀን፣ ይህ ግድያ በሕግ ፊት ሲቆም፣ ቃሏ ይፈለጋል። ያን ጊዜ የተከሳሽ ጠበቃ ጋዜጣውን አውጥቶ «እዚህ አየሁ ብለሻል፤ እዚህ አላየሁም ትያለሽ፤ የትኛውን እንመን?» ሊላት ይችላል። እርሷ በድንኳኑ ውስጥ እውነቱን ብቻ ተናግራ ነበር። ጎረቤቷም በሌላ ካምፕ ያለ ይሆናል፤ ያየውን የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ጽሑፉ ስለ እርሱ አላወራምና።

ወይም ከዚያ ቀድሞ፣ ያው ዘጋቢ በሳምንቱ ጋዜጣውን ይዞ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል። ያመጣላት ለማስደሰት ነው። እናቲቱ ማንበብ አትችልም፤ ፎቶግራፏን ብቻ ታያለች፤ በጣቷም ትነካዋለች። ልጇን ከጎኗ አስቀምጣ ወረቀቱን ትመልስለታለች።

«እስቲ የኔ ልጅ፣ ምን ብዬ እንደ ተናገርሁ አንብብልኝ።»